ብርጭቆማ ብረት ሲታጠፍ በላርጎ አረፋ እንየው

«ቲቸር፣ ብርጭቆ የሆነ ብረት ይሰበራል እንጂ ይታጠፋል እንዴ?» አለኝ አንድ ተማሪዬ። ሰሌዳው ላይ አቶም ስስል ዋልኩ፤ ማንም አልገባውም። ማታ ባሕር ዳር ሽምብጥ ቤቴ ዕቃ ሳጥብ መልሱን ሳፋው ላይ በተንሳፈፈው አረፋ አየሁት፤ እያንዳንዱን አረፋ እንደ አንድ አቶም ቁጠሩት።

ተራ ብረት ውስጥ አቶሞች እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረዋል። ብርጭቆማው ግን ለመደርደር ጊዜ ሳያገኝ የረጋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1960 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው፣ የወርቅና የሲሊከን ቅልጥ በሰከንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ነው። ብርጭቆ ስለተባለ ግን ብርሃን አያሳልፍም፤ ሲያዩት ያው ብረት ነው።

ጥቁር ትሪ አምጡ፤ በነጭ ላይ አረፋው አይለይም። ግማሽ ሊትር ውኃ፣ አንድ ማንኪያ ላርጎ፣ ጥቂት ጠብታ ግሊሰሪን። ከፋርማሲ የግሉኮስ መስጫ ቱቦና ውፍረታቸው የሚለያይ ሁለት መርፌ ግዙ። የቱቦውን አንድ ጫፍ በተነፋ ፊኛ አፍ አስገብታችሁ በክር እሰሩ፤ በሌላው መርፌውን ግጠሙ። መርፌው ከውኃው በታች አንድ ቦታ ላይ በፕላስተር ይጣበቅ። ጥልቀቱ ከተቀያየረ የአረፋው መጠንም ይቀያየራል። እኔ መጀመሪያ በብስክሌት መንፊያ ሞክሬ አንዱ አረፋ ምስር፣ ሌላው ሽምብራ አከለብኝ። ቱቦው ላይ ያለችውን መቆጣጠሪያ ጠበቅ አድርጉና ቀስ ብሎ ይውጣ። መርፌውን ልጆች አይንኩት። መስኮትም ዝጉ፤ የጣና ነፋስ አረፋ አይምርም።

ሁለት ማበጠሪያ ፊት ለፊት አድርጋችሁ ጥርሳቸውን አረፋው ውስጥ ንከሩ። አንዱን ያዙት፣ ሌላውን ወደ ጎን በዝግታ ግፉ።

በመጀመሪያ በአንድ መርፌ ብቻ። ሰልፉ አንድ ቦታ ላይ ይዛነፋል፤ ያቺ መዛነፍ አረፋ በአረፋ እየተሻገረች እስከ ዳር ትሮጣለች። ዲስሎኬሽን የሚሉት ይህ ነው። ሚስማር በቀላሉ የሚጎብጠው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን በሁለቱም መርፌ ትልቅና ትንሽ አረፋ ቀላቅሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሰልፍ ስለሌለ የሚሮጥ መዛነፍም የለም። ትገፋላችሁ፣ ዝም። ትገፋላችሁ፣ ዝም። ድንገት ጥቂት አረፋዎች ተያይዘው ጎረቤት ይቀያየራሉ፤ የጥምቀት ሕዝብ ትንሽ ክፍተት ሲያገኝ እጅብ ብሎ እንደሚንሸራተተው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሊ አርጎን በ1979 (እ.ኤ.አ.) አረፋ ላይ አይቶ የጻፈው ይህንን ነው።

እውነተኛው ብረት ላይ፣ በክፍል ሙቀት፣ እነዚህ መንሸራተቶች ይገጣጠሙና ሺር ባንድ የሚባል ስስ መስመር ይሠራሉ። ስፋቱ ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር ገደማ ነው። የተንሸራተተው ቦታ ስለሚላላ ቀጣዩም እዚያው ይንሸራተታል። ተራ ብረት ሲታጠፍ ይጠነክራል፤ ይሄኛው ይለሰልሳል። ስለዚህ ሲጎተት በዚያች አንዲት መስመር ይበጠሳል። ከዚሁ ብረት የተሠራ ስስ ጥብጣብ ብታጥፉ ግን ብዙ መስመሮች ይወለዱና ጉዳቱን ይካፈሉታል።

ተማሪዬን ጠርቼ አሳየሁት። «ቀጭኑ ይታጠፋል ማለት ነዋ» አለና ማበጠሪያውን ቀማኝ።