የህንድ ነገሥታትን ጥቃቅን ሥዕሎች ስናይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓይናችን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተገራ ሰዎች የህንድ ነገሥታትን ጥቃቅን ሥዕሎች ስናይ በመጀመሪያ የምንሳሳተው በፊት አሣሣል ላይ ነው። በእኛ ሠዓሊዎች ወግ ቅዱሳን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሰሜን ህንድን በገዙት የሙስሊም ነገሥታት፣ በሙጋሎች፣ ቤተ መንግሥት ግን በተለይ ከንጉሡ ከጃሃንጊር ዘመን (ከ1605–1627 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ንጉሥን በጎን መሣል የክብር ሥርዓት ነበር።

በንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለውን የብርሃን አክሊል የቅድስና ምልክት አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። የሙጋል ሠዓሊዎች ይህን ምልክት ከአውሮፓ ከመጡ ሥዕሎች ወስደው ንግሥናው ከፈጣሪ የተሰጠ መሆኑን ለመግለጽ ተጠቅመውበታል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሥዕሉን በዓይን እንደታየ ድርጊት መቀበል ነው። የጃሃንጊር ሠዓሊ አቡል ሐሰን በ1616 ገደማ በሣለው ሥዕል ጃሃንጊር በምድር ሉል ላይ ቆሟል፤ ሉሉን በሬ፣ በሬውን ደግሞ ዓሣ ተሸክመዋል። ንጉሡ ቀስቱን ገትሮ የሚወጋው በጦር ጫፍ ላይ የተሰካውን የማሊክ አምባርን ራስ ሲሆን፣ በተሰካው ራስ አናት ላይ ጉጉት ተቀምጣለች። ማሊክ አምባር ኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት የተሸጠ፣ በኋላም በደቡብ ህንድ ደጋ (ደካን) የነበረው የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ የሙጋልን ጦር ለዓመታት ያስጨነቀ ሰው ነው። ሥዕሉ ከተሣለ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1626፣ በሸመገለ ዕድሜው ሞተ እንጂ ጃሃንጊር አልገደለውም። ስለዚህ ሥዕሉ የሚነግረን የተፈጸመውን ድል ሳይሆን ያልተሳካውን ምኞት ነው፤ እኔም በህንድ ነገሥታት ሥዕል ውስጥ እንደዚህ የሚያሳዝንና የሚያስደንቅ ሌላ አላየሁም። የዚያው ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሃሺም ያንኑ ሰው በጎን ፊት፣ ነጭ ልብስ ለብሶ በግርማ እንደቆመ ሥሎታል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው ስለ ማሊክ አምባር ባይፈርድ ይሻላል።

ንጉሡ ሁልጊዜ በሠዓሊው ፊት ተቀምጦ ተሣለ ብሎ ማሰብም አይገባም። ሠዓሊዎቹ የፊቱን መስመር በስስ የሚዳቋ ቆዳ ላይ ገልብጠው፣ መስመሩን በመርፌ በስተው፣ በቀዳዳዎቹ የከሰል ዱቄት እያሳለፉ አንዱን ፊት ደጋግመው ያወጡት ነበር። የቤተ መንግሥት ሴቶች ፊት ደግሞ ወንድ ሠዓሊዎች ወደ እልፍኛቸው ስለማይገቡ በአብዛኛው ከምናብ የመጣ ነው።

በመጨረሻም ሁሉንም ሥዕል «የሙጋል» ብሎ መጥራት በራጅፑት (የሂንዱ ተዋጊ መሳፍንት) ነገሥታትና በሂማላያ ግርጌ ባሉት ትናንሽ ግዛቶች የተሠራውን ይሸፍናል። ለምሳሌ ሠዓሊው ናይንሱክ ከእነዚህ ትናንሽ ግዛቶች የአንዷን፣ የጃስሮታን፣ መስፍን ባልዋንት ሲንግን ጢሙን በፀጉር አስተካካይ ሲያስከረክም፣ በድንኳን ውስጥም ተቀምጦ ሲጽፍ ሥሎታል።