ለካንሰር ታማሚ ማር ስትሰጡ እንዲህ አድርጉ

ጅማ ውስጥ ሰው ካንሰር ያዘው ከተባለ ጎረቤት መጀመሪያ ይዞ ሚመጣው ማር ነው፣ አክስቴ ጉሮሮዋን ታማ ጨረር ስትጀምር በአንድ ሳምንት ቤቷ አራት ባልዲ ገባ፣ የጌራ ነጭ ማር፣ የብሳና ጥቁር ማር፣ አንዱ ደሞ ከመሬት አስቆፍሮ ጣዝማ በጠርሙስ አመጣላት። ሁሉም ወደዋት ነው፣ ግን አንዱ "እትዬ ይሄን ከጠጡ ጨረሩን ይተዉት" ብሏት ሁለት ቀን ቀረች፣ እኔ ይሄን ምጽፈው ለዛ ነው። እባካችሁ ህክምናውን አታስቁሙ።

ስለ ንብ ሚወራው ሁሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም እኮ። በ2020 እ.ኤ.አ አውስትራሊያ ውስጥ የንብ መርዝ ውስጥ ያለው ሜሊቲን የጡት ካንሰር ሴሎችን ላብራቶሪ ውስጥ ሲገድል ታይቷል፣ ንቦች ከዛፍ ሙጫ ሰርተው ቀፎ ሚደፍኑበት ፕሮፖሊስም ላብራቶሪ ውስጥ እንደዛው ተስፋ አሳይቷል። ግን ሜሊቲን ጤነኛውን ቀይ የደም ሴልም ያፈነዳል፣ እና ሰው ላይ ካንሰር ያድናል ተብሎ የተረጋገጠ የንብ ውጤት የለም። ንብ አስነድፏት ሚላችሁንማ ጭራሽ አትስሙ፣ ስፔን ውስጥ አንዲት የ55 ዓመት ሴት እንደዚ ስትታከም በአለርጂ ሞታለች።

ማር ሊያግዝ ሚችለው አፍ ሲቆስል ነው። ጭንቅላትና አንገት ላይ ጨረር ሚወስድ ሰው አፉ ይላላጣል፣ አክስቴ ቀዝቃዛ ሾርባ እንኳን ያቃጥላት ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ ማሌዥያ ውስጥ 40 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ማር የወሰዱት ከባድ ቁስል ቀንሶላቸዋል። እንደነሱ ከሆነ 20 ሚሊ ንጹህ ማር በሲሪንጅ ለክታችሁ ከጨረሩ 15 ደቂቃ በፊት፣ 15 ደቂቃ በኋላ፣ ከዛ ከ6 ሰዓት በኋላ ትሰጣላችሁ። ቶሎ እንዳትውጠው፣ አክስቴ አይኗን ጨፍና ከጉንጭ ጉንጭ ቀስ እያለች ታዞረው ነበር። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሐኪሙን ጠይቁ፣ ስኳር ካለባት ደሞ ሳትነግሩት እንዳትሰጡ።

ስትገዙ ከምታውቁት ንብ አርቢ ከነሰፈፉ ግዙ። ክብሪት መለኮስ ውሃ ውስጥ መጣል ሚባለው መፈተኛ አያስተማምንም። የጌተም አበባ ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፣ ስኳር ገብቶበታል ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ጣዝማ ውሃ ይበዛዋል፣ ቶሎ ይቦካል፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያለና ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው ያልተጣራ ማር ሐኪም ሳይፈቅድ ባይቀምስ ይሻላል። የአክስቴን አስቀመጥነው። ንቦች ንግስቷን ሚመግቡት ሮያል ጄሊ አስም ላለበት አደገኛ ነው፣ ፕሮፖሊስም ከገዛችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሄዳችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።

ኢሚዩኒቲ (የሰውነት መከላከያ) ይጨምራል ብላችሁ ግን ትኩሳትን በማር ለማከም እንዳትሞክሩ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ሆስፒታል ነው።