ሙቀት የሚቋቋም የፖሊመር ሜምብሬን ፈቃድ ሲዋዋሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጋዝና ፈሳሽ የሚለይ ሜምብሬን (እንደ ማጣሪያ የሚያገለግል ስስ ገጽ) ለማምረት የቴክኖሎጂ ፈቃድ ድርድር ሲጀመር፣ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ «እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቋቋማል» የሚል ቁጥር አይጠፋም። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ችግሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ሳይጠየቅ መታለፉ ነው፤ ክፍያውም፣ ዋስትናውም፣ የፋብሪካው ንድፍም በኋላ እሱ ላይ ይቆማሉ።

የላብራቶሪውን ሙቀት የሥራ ሙቀት አድርጎ መውሰድ

አንድ ፖሊመር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የሙቀት ገደቦች አሉት። የመጀመሪያው የሚፈርስበት ነው፦ ጥቂት ሚሊግራም ናሙና በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 10 ዲግሪ እየተጨመረ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪጀምር ይሞቃል። ናሙናው በከፍተኛው ሙቀት የሚቆየው ለደቂቃዎች ስለሆነ ይህ ቁጥር ስለ ዓመታት ሥራ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ሁለተኛው ፖሊመሩ ከብርጭቆነት ወደ ላስቲክነት የሚለወጥበት ሲሆን፣ ለፖሊሰልፎን 185 ዲግሪ አካባቢ፣ ለታወቁት የፖሊኢሚድ ዓይነቶች ከ300 በላይ፣ ለፖሊቤንዚሚዳዞል ደግሞ 425 ገደማ ነው።

ሦስተኛው የሞጁሉ፣ ማለትም ሜምብሬኑ ታሽጎ የሚገጠምበት ሙሉ ዕቃ፣ ገደብ ነው፤ ውሉ ላይ ሊሰፍር የሚገባውም እሱ ነው። ሜምብሬኑ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን ክር ከሆነ የክሮቹ ጫፍ በኢፖክሲ ሙጫ ይታሰራል፣ ግፊቱ በጎማ ማሸጊያ ይያዛል፣ ጠፍጣፋው ሜምብሬን በጨርቅ ድጋፍ ላይ ይዘረጋል። ተራ የናይትራይል ጎማ ከ100 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ መድረቅ ይጀምራል፣ የፍሎሮ ጎማ 200 አካባቢ ይደርሳል፣ የፖሊስተር ጨርቅ በሙቅ እንፋሎት ይበላል። 425 ዲግሪ የሚችል ክር 120 ዲግሪ በሚችል ሙጫ ከታሰረ፣ የተገዛው የ120 ዲግሪ ሞጁል ነው።

በዚያ ላይ ሙቀት ብቻውን አይመጣም። ፖሊኢሚድ ደረቅ ጋዝ ላይ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ሙቅ እንፋሎትና አሚን ሲያገኘው የሞለኪውሉ ኬሚካላዊ ማሰሪያዎች ይፈታሉ። ስለዚህ ውሉ ሙቀቱን ከነሁኔታው ይጻፈው። ለምሳሌ፦ 250 ዲግሪ፣ 20 ባር፣ 15 በመቶ እንፋሎት፣ የሰልፈር ውህዶች መጠን በግልጽ ተለክቶ፣ ለ1,000 ተከታታይ ሰዓት፣ ከዚያ አሥር ጊዜ ማቀዝቀዝና ማሞቅ፣ በመጨረሻም የሃይድሮጅን ፍሰት ከ20 በመቶ በላይ ያልቀነሰ።

ባረርን ከጂፒዩ ጋር ማምታታት

ሁለቱም የጋዝ ማሳለፍ መለኪያዎች ናቸው። ባረር የቁሱ ጠባይ ነው፤ ጂፒዩ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራው ስስ ገጽታ፣ ማለትም «ቆዳው»፣ በትክክል የሚያሳልፈው። ዝምድናቸው ቀላል ነው፦ 1 ባረር ያለው ቁስ በ1 ማይክሮን ውፍረት 1 ጂፒዩ ይሰጣል። 10 ባረር የሆነ ፖሊመር በ50 ማይክሮን ፊልም 0.2 ጂፒዩ ሲሆን፣ በ0.2 ማይክሮን ቆዳ 50 ጂፒዩ ይሆናል።

እንቁጠረው። በሰዓት 1,000 መደበኛ ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን ይለይ ይባል፣ በሁለቱ ገጽ ያለው የሃይድሮጅን ግፊት ልዩነት 10 ባር ይሁን። በ50 ጂፒዩ አንድ ካሬ ሜትር በሰዓት 1.35 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል፤ ስለዚህ 740 ካሬ ሜትር ይበቃል። የሻጩ የምርት መስመር ቆዳውን ከ1 ማይክሮን በታች ማሳነስ ካቃተው ግን ለዚያው ሥራ 3,700 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ፖሊመሩ አንድ፣ ፓተንቱ አንድ፣ ወጪው አምስት እጥፍ።

ባረርን ለውፍረት አካፍሎ የሚገኘው ጂፒዩም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ከ1 ማይክሮን የሳሳ ብርጭቋማ ፖሊመር ከወፍራም ፊልም ይልቅ ፈጥኖ «ያረጃል»፤ ውስጡ ያለው ክፍተት እየጠበበ ፍሰቱ ይወርዳል። እንዲሁም በነጠላ ጋዝ የተለካ የመለየት ብቃት በድብልቅ ጋዝ ላይ ላይደገም ይችላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ባለ ግፊት ፖሊመሩን ያለሰልሰውና ሌላውንም ጋዝ ያሳልፋል። የሚጠየቀው መረጃ የድብልቅ ጋዝ፣ ከተመረተ ሳምንታት ካለፉት ሞጁል ላይ የተለካ ነው።

ፓተንቱን ይዞ የአሠራር ዕውቀቱን መተው

ከሁሉም ስህተቶች ከባዱ ይህ ይመስለናል። ፓተንት ውስጥ «ከ15 እስከ 30 በመቶ ፖሊመር» ተብሎ ይጻፋል፤ ክሩ የሚሳካው ግን በጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ፖሊቤንዚሚዳዞልን እንውሰድ። ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ከመሟሟቱ በፊት በደንብ ይደርቃል። የሚሟሟው በዳይሜቲልአሴታማይድ ሲሆን፣ ፈሳሹ ቆይቶ እንዳይረጋና ፖሊመሩ እንዳይለይ ሊቲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል። ክሩ ሲፈተል ፈሳሹ ከሚወጣበት አፈሙዝ ክሩ እስከሚረጋበት የውሃ ገንዳ ያለው የአየር ርቀት፣ የገንዳው ሙቀት፣ የመሳቢያው ፍጥነት፣ ሁሉም የቆዳውን ውፍረት ይወስናሉ። ከዚያም ክሩ እንደወጣ አይደርቅም፤ ውሃው በአልኮል፣ አልኮሉም በሄክሴን ካልተተካ የውሃው የገጽ ውጥረት ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል።

አንድ ወጥመድ እንጨምር። ስስ ቆዳ ላይ የሚቀሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን በሲሊኮን ጎማ መድፈን ከሞንሳንቶ የ1980 ፓተንት ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። በ50 ዲግሪ በጣም ጥሩ ነው። ከ250 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ግን ሲሊኮኑ አይታመንም። ሻጩ «ጉድለት የሌለበት ክር» ሲል ያለ ሲሊኮን ነው ወይስ ከነሲሊኮኑ ብለው ይጠይቁ።

መፍትሔው የቴክኒክ አባሪ ነው፦ የአሠራሩ ዝርዝር ከነሚፈቀደው መዛነፍ፣ የሥልጠና ቀናት ብዛት፣ የመለኪያ ዘዴ። ከዋናው ክፍያ ከፍ ያለው ድርሻ የሚለቀቀው የፈቃድ ተቀባዩ ሠራተኞች በራሳቸው መስመር ላይ ሦስት ተከታታይ ዙር አምርተው ፈተናውን ሲያልፉ ብቻ ይሁን።

ፓተንት ካለ መሥራት ይቻላል ብሎ ማሰብ

ፓተንት ሌላውን ለመከልከል ያስችላል እንጂ ለመሥራት ነፃ አያወጣም። ፖሊመሩ፣ አፈታተሉ፣ ማሰሪያው፣ ሞጁሉ፣ አጠቃቀሙ፣ እያንዳንዱ የተለያየ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ፍተሻው ከፊርማ በፊት፣ በሚመረትበትም በሚሸጥበትም አገር ይደረግ። የጥበቃ ጊዜው በአጠቃላይ ማመልከቻው ከገባበት ቀን 20 ዓመት ነው፤ ከተሰጠበት ቀን የሚቆጥሩ ተደራዳሪዎች ዓመታት ይሳሳታሉ።

«ለጋዝና ለፈሳሽ» ብሎ ማለፍ

በፐርቫፖሬሽን የሚገባው ፈሳሽ ነው፣ ሜምብሬኑን አልፎ የሚወጣው ግን ተን። ይህ የማን ዘርፍ ነው? ውሉ ዘርፉን በሚገባው ፍሰት ይተርጉመው፦ ጋዝ፣ ተን ወይስ ፈሳሽ፣ የትኞቹን ውህዶች ለመለየት፣ በምን የሙቀት ክልል። ሁለቱ ዘርፎች የሚጠይቁት ነገርም አይገናኝም። ለኃይለኛ ኦርጋኒክ ሟሚ የሚሠራ ሜምብሬን እንዳያብጥና እንዳይሟሟ ሰንሰለቶቹ በኬሚካል እርስ በርስ መተሳሰር አለባቸው። ሁለቱንም በብቸኝነት የወሰደ ድርጅት አንዱን ብቻ ሠርቶ ሌላውን አቧራ እንዳያስጠጣው፣ ብቸኝነቱ በጊዜ በተወሰነ የሥራ ደረጃ ይታሰር።

የሮያሊቲውን መነሻ ሳይለዩ መቶኛ መስማማት

ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጭ ለፈቃድ ሰጪው የሚከፈለው ድርሻ፣ 3 በመቶ ይሁን ቢባል፣ ከምን? ከሜምብሬኑ፣ ከሞጁሉ ወይስ መጭመቂያና ሙቀት ማስተላለፊያ ካለበት ሙሉ ተከላ? የተከላው ዋጋ ብዙው ክፍል ሜምብሬኑ ያልሆነ ብረት ነው። በካሬ ሜትር የተቆረጠ ክፍያ ክርክር ይቀንሳል። መተኪያ ሞጁሎች ካልተጠቀሱ ግን ከዓመታት በኋላ የሚመላለሰው ገንዘብ ከውሉ ውጭ ይቀራል።

የፓተንቱና የአሠራር ዕውቀቱ ክፍያም ተለይቶ ይጻፍ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 ወስኖ በ2015 ባጸናው አቋም መሠረት፣ ፓተንቱ ካለፈበት በኋላ ለሚደረግ አጠቃቀም ሮያሊቲ ማስከፈል አይቻልም። ያልተለያየ ጥቅል ክፍያ በዚያ ቀን ይናጋል።

የጥሬ ዕቃውን ምንጭ መርሳት

ፖሊመሩ ከአንድ አምራች ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ የሞለኪውሉ ርዝመት በትንሹ ሲቀየር የሚፈተለው የፖሊመር ፈሳሽ መወፈርና መቅጠን ይቀየራል፤ ክሩም አብሮ። ሟሚውም እንዲሁ ነው፦ ዳይሜቲልአሴታማይድና ኤን-ሜቲልፒሮሊዶን በአውሮፓ ኅብረት ለሥነ ተዋልዶ ጎጂ ተብለው የተመደቡ ናቸው፤ በሁለተኛው ላይ ገደቡ ከግንቦት 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ይሠራል። ሟሚ መቀየር ማለት አፈታተሉን ከሞላ ጎደል እንደገና መጀመር ነው። ያ ወጪ የማን እንደሆነ፣ የተገኘው አዲስ አሠራርም የማን ንብረት እንደሚሆን አስቀድሞ ይወሰን።

ስለ መለያየት አለመጻፍ

ውሉ ቢቋረጥ መጋዘን ያለው ክር ይሸጣል ወይስ ይወገዳል? በደንበኞች ዘንድ የተተከሉት ሞጁሎች ሲያረጁ መተኪያውን ማን ያመርታል? ቢያንስ የተወሰነ የመሸጫ ጊዜና፣ ለተተከሉት ብቻ የሚያገለግል የመተኪያ መብት ከነክፍያው ይስፈር።