24 ዓመተ ምሕረት አይደለም! የድሮ የፖላንድ የብር ሳንቲም ሲለዩ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ትንሽ፣ ስስ የብር ሳንቲም ናት። «ጋሼ፣ የ1624 ናት። ይኸው 24 ይላል» አለኝ። ይህን የሚለኝ ስንተኛው ሰው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ወገን፣ 24 ዓመት አይደለም! ሳንቲሟ ፑልቶራክ ትባላለች፤ የአንድ ተኩል ግሮሽ ናት፤ ግሮሽ የድሮ የፖላንድ ትንሽ ገንዘብ ነው። የፖላንዱ ንጉሥ ዚግሙንት ሦስተኛ በፈረንጆች ከ1614 ጀምሮ በገፍ አስመትቷታል። አንደኛው ገጿ ላይ መስቀል የቆመበት ሉል አለ። ሉሉ ውስጥ ያለው 24፣ የታለር፣ ማለትም የትልቁ የብር ሳንቲም፣ 24ኛ እጅ ናት ማለት ነው። በ1619ም ትመታ በ1622፣ ያው 24 ነው። ዓመቱን የፈለገ ከፍ ብሎ ይይ። ከመስቀሉ ግራና ቀኝ አንድ አንድ አሃዝ አለ። 2 እና 2 ከሆነ 1622 ነው። 2 ቁጥር ብዙ ጊዜ የላቲኑን ዜድ ስለምትመስል ፊደል ናት ብላችሁ እንዳታልፏት።

ስትገለብጧት ደግሞ ሁለት 3 ታገኛላችሁ። አንዱ የንጉሡ ቁጥር ነው። ጋሻው ግርጌ ያለው ሦስት ግማሽ ግሮሽ ማለት ነው፤ ሦስት ግሮሽ አይደለም። እኔ ራሴ «ሦስት ግሮሽ» የሚል ወረቀት ለጥፌባት ሁለት ዓመት ሙሉ ለእንግዳ በኩራት ሳሳይ ኖሬያለሁ።

«ፖልስካ» (ፖላንድ) የሚል ቃል አትፈልጉ። ጽሑፉ ላቲን ነው፤ ያውም የተቆራረጠ።

ዓመቱን በትክክል አንብባችሁም ቶሎ አትመኑ። የፕሩሲያው ታላቁ ፍሬድሪክ በ1756 ሳክሶኒን ሲይዝ፣ የሳክሶኒም የፖላንድም ገዥ የነበረው የአውግስጦስ ሦስተኛ የሳንቲም መምቻ ቅርጽ ላይፕሲክ ላይ እጁ ገባ። በዚያው ቅርጽ፣ የድሮው ዓመት እንዳለ፣ ብሩን ቀንሰው ሳንቲም መቱበት። የእኛን ጠገራ ብር አስቡት፤ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ስንት ዘመን 1780 እየተባለ ተመታ።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለተመቱት ሚዛን ግዙ። የፖላንዱ መሪ የማርሻል ፒውሱድስኪ ምስል ያለበት 10 ዝሎቲ (የፖላንድ ገንዘብ) 22 ግራም፣ 5ቱ 11፣ 2ቱ 4.4 ግራም ይመዝናል፤ ብሩም 75 በመቶ ነው። ማግኔት ከሳበው ተዉት። አልሳበውም ማለት ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ መዳብም አይሳብም።

ሳንቲሙን በጥርስ ሳሙና የምትፈገፍጉ፣ እባካችሁ ተዉ!

ለልጁ ይህን ሁሉ ጽፌ ላክሁለት። «እሺ፣ አሁን ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ያለውን አንብብልኝ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ መለሰ። «2 እና 4፣ ጋሼ።»