አፈርዎ ጎረቤት ቤት እንዳያድር፦ ሐዋሳ ላይ ቤት ሲሠሩ ጎርፍን እንዴት እንደሚይዙ

ቤት መሥራት የጀመርኩት ከአላሙራ ተራራ ግርጌ ነው። መሠረቱ ሚያዝያ ላይ ተቆፈረ። የወጣው አፈር ከአጥሩ ውጭ፣ ቦዩ አፋፍ ላይ ተቆለለ። «ነገ ሲኖ መጥቶ ያነሳዋል» ተባልኩ። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስመጣ የታችኛዋ ጎረቤቴ አካፋ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ አፈርህ እኛ ቤት አድሯል።»

አልተቆጡም። እሱ ነው የባሰብኝ። ገብቼ ሳይ ጭቃው ማድ ቤታቸው ደፍ ላይ ደርሷል። አንድ ነጠላ ጫማ ተቀብሮ ማሰሪያው ብቻ ብቅ ብሏል። ሁለት ቀን ሙሉ በጋሪ ስናግዝ ዋልን። አንድ ሸራና ጥቂት ማዳበሪያ አሸዋ ቢኖረኝ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እና ይህን የምጽፈው ተቀጥቼ ነው።

የሐዋሳ አፈር ቀላል ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ የምንረግጠው እሳተ ገሞራ የተፋውን አመድና ፓሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) ነው። ፓሚስማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሣሩ ከላዩ ከተገፈፈ አንድ ደህና ዝናብ ይበቃዋል። ከታቦርና ከአላሙራ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይዘገያል፤ ሲዘገይ የተሸከመውን ያራግፋል፤ የሚያራግፈውም ቦያችን ውስጥ ነው። ቦዩ ሲደፈን ውሃው አስፋልት ላይ ይወጣና ባጃጁ ሁሉ ይቆማል። ከዚያ የተረፈው ሐይቁ ይገባል። ሐይቃችን ደግሞ ውሃ የሚያስወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ከከተማው በስተምሥራቅ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ያለ ግንባታ ፈቃድ ቁፋሮ አይጀመርም፤ በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ይህን በግልጽ አስቀምጦ ነበር። ብዙ ሰው ፈቃዱን እንደ ማኅተም ብቻ ነው የሚያየው። ፕላኑን ሲያስገቡ ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ፊት ለፊቴ ያለው መንገድ ሲጠናቀቅ ሌቭሉ የት ይደርሳል? መንገዱ ከፍ ብሎ ወለሉ ዝቅ ያለበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛ፣ ከግቢዬ የሚወጣው ውሃ በየትኛው ቦይ ይሄዳል? አርክቴክቱ ሳይት ፕላኑ ላይ የውሃውን አቅጣጫ በቀስት እንዲያሳይ ያድርጉ። ቀስት የሌለበትን ፕላን አይቀበሉት።

ጎረቤትን መጉዳትም በሕግ ያስጠይቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ያዛል። የእኔዋ ጎረቤት ይህን አንቀጽ ባለማንሳታቸው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ሥራው የአንድ ቤት ሳይሆን ትልቅ ፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አለ፤ እሱን ከመሬት ጠረጋው በፊት ይጨርሱ።

ቀኑን ይምረጡ፣ ውሃውን ይቁጠሩ

የአዲስ አበባ ሰው «ከሰኔ በፊት ልጨርስ» ይላል። ሐዋሳ ላይ ይህ አይሠራም። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ሊጀምር ይችላል፤ ክረምቱም ይከተላል። ለቁፋሮ የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ብር ቶሎ ካልተገኘ ደግሞ መሬቱን ቶሎ አይግፈፉት። ጠርጎ መጠበቅ የሚሉት ነገር ትልቁ ጥፋት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ግቢዎ 200 ካሬ ከሆነና 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 6,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ 30 በርሜል። ሣር ያለበት መሬት ከዚህ ብዙውን ይጠጣል። ሲኖና ሎደር የረገጠው መሬት ግን እንደ ሲሚንቶ ነው፣ ወደ ታች ይለቀዋል።

ከላይ መልሱት፣ ከታች ያዙት

ሥራው በእነዚህ አራት ቃላት ያልቃል። ቅደም ተከተሉን ግን አይገልብጡ፤ እነዚህ ሁሉ ከመሠረቱ በፊት ይሠራሉ።

ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘው ቦታው ላይ ይቁሙ። ውሃው በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ በካስማ ምልክት ያድርጉ። ዝናብ ከሌለ በውሃ ልክ ይለኩ፤ ግንበኛዎ ጋ ያለው ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል።

ከዚያ በላይኛው ወሰን በኩል መቀልበሻ ቦይ ያስቆፍሩ። ሥራው ከላይ የሚመጣውን ውሃ ቁፋሮዎ ውስጥ ሳይገባ አዙሮ ማውጣት ነው። አፈሩን በታችኛው ጠርዝ ይደልድሉት፣ ተጨማሪ ግድብ ይሆናል። ቦዩ በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያዘቀዝቅ በቂ ነው። አናጺ በዓይን ገምቶ ከሠራው ውሃው ወይ ይቆማል ወይ ይጋልባል። መጨረሻው የከተማው ቦይ ላይ ይሁን፤ የጎረቤት አጥር ላይ ከለቀቁት የተበተነውን ጎርፍ ሰብስበው ሰጧቸው ማለት ነው።

ቦታው ተዳፋት ከሆነና ቦዩ የግድ ቁልቁል መሄድ ካለበት መሐል መሐሉ ላይ ክትር፣ ማለትም ውሃውን የሚያዘገይ ትንሽ ግድብ፣ ይሥሩ። ድንጋይ ከሌለ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይሆናል። ሁለት ነገር አይርሱ። የክትሩ መሐል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ውሃው በጎን በኩል ቦርቡሮ ያልፈዋል። ርቀቱ ደግሞ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል እንዲሆን ነው። ክትሩ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነና መሬቱ በሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ከወረደ፣ በየ10 ሜትሩ አንድ ይደረጋል።

አሁን ወደ ታች። በታችኛው ወሰን ላይ ያለውን ሣር አንድ ሁለት ሜትር ያህል አይንኩት። ሰርዶ ከሆነማ የተሻለ አጥር የለም። ዝቅተኛው ጥግ ላይ የደለል ጉድጓድ ይቆፈር። ውሃው እዚያ ገብቶ ይረጋል፣ አፈሩ ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠራው ይወጣል። መጠኑን ከአሜሪካ ደንብ እበደራለሁ፤ እዚያ አንድ ኤከር (4,000 ካሬ ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ የሚቆፍር ሰው የጎርፍ ፈቃድ ያወጣል፣ የደለል ጉድጓዱም በሄክታር 250 ሜትር ኩብ ገደማ ይሰላል። ለ200 ካሬ 5 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ 2 በ2 ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ ከሜትር ትንሽ አለፍ ያለ። ግማሹ በደለል ሲሞላ ይጠረጋል። ዙሪያውን በቆርቆሮ ወይም በእንጨት ይከልሉት። የሠፈር ልጅ ኳስ ተከትሎ ይገባል፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ክምሩ፣ በሩ፣ እጥበቱ

አፈርም አሸዋም ከቦይ ርቆ፣ ከአጥር ውስጥ ይከመር። ማታ ማታ በሸራ ይሸፈን፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ይደረግ። ዘበኛው ሸራውን ለመኝታው እንዳይወስደው ለእሱ ሌላ ይግዙለት። ከላይ የተገፈፈውን ጥቁር አፈር ለብቻው ያስቀምጡ፣ በኋላ አትክልት ሲተክሉ ይፈልጉታል።

መኪና የሚገባበትን በር በሻካራ ጠጠር ያንጥፉ፤ ጎማው ጭቃውን እዚያው ያራግፋል። ቦዩ ላይ መሸጋገሪያ ሲሠሩ ከቦዩ የጠበበ ቱቦ አይቅበሩ። ብዙ መንገድ የሚጥለቀለቀው አንድ ሰው በሩ ላይ በቀበራት ቀጭን ቱቦ ነው። ክዳን ይጠቀሙ፣ የሚነሳ ይሁን፣ ለጠረጋ።

ሚክሰርና ባሬላ የታጠበበት ውሃ ቦይ ውስጥ አይደፋም። የሲሚንቶ ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የምንበላ ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን። ትንሽ ጉድጓድ ላይ ላስቲክ አንጥፈው እዚያ ይታጠብ። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይነሳል።

ጣሪያው ሲያልቅ

አሸንዳውን ከቆርቆሮው ጋር አብረው ይስቀሉ፣ «በኋላ» አይበሉ። 100 ካሬ ጣሪያ በዚያው 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 15 በርሜል ያወርዳል፤ ያለ አሸንዳ ይህ ሁሉ መሠረቱ ሥር ነው የሚወድቀው። ወደ ሮቶ ቢያስገቡት የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቀን ልብስ ይታጠብበታል። ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሊሾ አያድርጉት።

የደለል ጉድጓዱን ወዲያው አይድፈኑት። የተራቆተው መሬት ሣር እስኪይዝ አንድ ክረምት ያቆዩት። የእኔን በመጨረሻ በድንጋይ ሞልቼ የጣሪያ ውሃ ማስረጊያ አደረግኩት። ከውስጡ የወጣውን ደለል የታችኛዋ ጎረቤቴ ለጎመናቸው ጠየቁኝ። በዚያው ጋሪ አደረስኩላቸው።