ሮምን ከጓደኞች ጋር ቦርሳ አዝሎ እንዴት መዞር ይቻላል?

ሮም በእግር የምትታይ ከተማ ናት። እኛ አራት ጓደኛሞች ቦርሳችንን አዝለን አምስት ቀን ቆይተንባታል። ርካሽ አልጋና ፒዛ የት እንደሚገኝ እነግራችኋለሁ። ሐበሻ ሮም ሲገባ የት የት ቆም ማለት እንዳለበትም ሳላነሳ አላልፍም። የኛ ታሪክ እዚያ ከተማ መንገድ ላይ አለ።

ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

ከአዲስ አበባ የምትነሱ ሸንገን የሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ምላሽ መጠበቂያ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ስለዚህ ሦስትና አራት ወር ሲቀረው ጀምሩ።

ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ጓደኛችሁ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ ይመጣል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘ እሱም ቪዛ ማውጣት አለበት። ከየአገሩ ተጠራርታችሁ የምትገናኙ ከሆነ የሁሉም ጉዳይ ሳያልቅ ማንም ትኬት አይቁረጥ።

ወሩን በተመለከተ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ጥሩ ናቸው። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ቦርሳ አያሸክምም።

ቦርሳው

ባለጎማ ሻንጣ እቤት ይቅር። የሮም አሮጌ ሰፈሮች መንገድ ሳምፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። የኛን ኮብልስቶን አስቡት፣ እሱ ግን በዘመን ብዛት ወጣ ገባ ሆኗል። እዚያ ላይ ሻንጣ መጎተት ክንድም ጎማም ይጨርሳል። 40 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። ከስምንት ኪሎ አታስበልጡት። ጫማው የለመዳችሁት ይሁን፣ አዲስ ጫማ ለሮም አይገዛም።

አንድ ነጠላ ጨምሩ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አያስገባም፣ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ። ነጠላ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ማታ ሲበርድም ይለበሳል።

ገንዘቡን እንደ እቁብ ያዙት

ጓደኛሞችን የሚያጣላው መንገድ መሳት አይደለም፣ ሂሳብ ነው። በየቡናው "እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል" መባባል ለአንድ ምሳ ደስ ይላል። ለአምስት ቀን ሲሆን ግን ዝም ብሎ የከፈለው ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ፊቱ ይጠቁራል። ዝም ብሎ የተከፈለለትም ይሳቀቃል።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። መጀመሪያው ቀን ሁላችንም እኩል አዋጣን። አንዷን ጓደኛችንን ሰብሳቢ አደረግናት። ምግብ፣ ትራንስፖርትና ውኃ ከጋራው ይወጣል። የግል ስጦታና ልብስ ከየኪስ ነው። ሲያልቅ እንደገና እኩል ይዋጣል። ያለው ትንሽ የሆነ ጓደኛ ካለ መዋጮው በሱ አቅም ይቆረጥ፣ ይህንንም ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩት።

ፍጥነትም መስማማት ይፈልጋል። አንዱ ሙዚየም ይወዳል፣ ሌላው መቀመጥ። ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ተለያዩና ማታ አንድ ቦታ ተገናኙ። የመገናኛውን ቦታ ስልክ ቢዘጋም በማይጠፋ ነገር ምረጡት።

ስትደርሱ

ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ተርሚኒ የሚወስደው ፈጣን ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። አውቶቡስ ይረክሳል፣ ግን ይዘገያል። አራት ከሆናችሁ ግን ወደ መሀል ከተማ ቁርጥ ዋጋ ያለውን ኦፊሴላዊ ታክሲ ጠይቁ። ለአራት ሲካፈል ከባቡሩ ብዙም አይርቅም።

ርካሽ ሆስቴሎች በብዛት ያሉት በተርሚኒ ዙሪያ ነው። ሳን ሎሬንዞ የተማሪዎች ሰፈር ነው፣ እሱም ይሆናል። ትራስቴቬሬ ያምራል፣ ግን ለማደር ይወደዳል፤ ማታ ሄዳችሁ ተዘዋወሩበት። ከአልጋው ዋጋ ሌላ ከተማዋ በአዳር የምታስከፍለው የቱሪስት ግብር አለ፣ ከጋራው ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ከተርሚኒ ስትወጡ አንድ አፍታ ቁሙ። የጣቢያው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኬቼንቶ ይባላል፣ "የአምስቱ መቶ አደባባይ" ማለት ነው። አምስት መቶ የተባሉት በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው እዚያው አቅራቢያ አለ። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ከዚያ ሐውልት ሥር ቆሞ ነበር፣ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ሮም የገባ ሁሉ በዚህ አደባባይ ያልፋል፣ ስሙን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በቀን አንድ ትልቅ ነገር

ብዙ ሰው ሁሉንም በሁለት ቀን ለማየት ይሮጣል። አትሩጡ። በቀን አንድ ትልቅ ቦታ ያዙ፣ የቀረውን በእግር ሙሉት።

ለኮሎሲየም ትኬት ቀድማችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ። መደበኛው 18 ዩሮ ነው፣ አጠገቡ ያለውን የጥንቷን ሮም ፍርስራሽ፣ ፎረሙንና ፓላቲን ኮረብታን፣ ይጨምራል። ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፣ በር ላይም መታወቂያ ይታያል። የኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለው ቅጹ ያምታታል። ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉት። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነጻ ነው፣ ግን ሰልፉ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። አጭር ጊዜ ላለው ሰው አልመክርም።

ነጻው ውበት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ነው። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ግቡ፣ የሠዓሊው ካራቫጆ ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። ሳን ፒዬትሮ ኢን ቪንኮሊ ውስጥ ደግሞ ሚኬላንጄሎ የቀረጸው የሙሴ ሐውልት አለ። ለሁለቱም መግቢያ አይከፈልም።

ውኃ አትግዙ። በከተማዋ 2,500 ያህል ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ። ውኃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። ባዶ ጠርሙስ ያዙ፣ በቃ።

በአውቶቡስና በሜትሮ ቦርሳችሁን ወደ ደረታችሁ አዙሩት። በተለይ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ሲጨናነቅ ኪስ አውላቂ አይጠፋም። አንድ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያገለግላል።

ቫቲካን

ባዚሊካው ነጻ ነው፣ የፍተሻ ሰልፍ ግን አለው። በጠዋት ሂዱ። ጉልላቱ ላይ በእግር ለመውጣት 551 ደረጃ አለ። ከወጣችሁ ከባዚሊካው ጀርባ ወዳለው የአትክልት ቦታ ተመልከቱ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን በዚያ በኩል ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ቦታ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ሲያሳትሙ መኖሪያቸው እዚሁ ነበር። ግቢው እንዲሁ ተሂዶ አይገባም። ከላይ ሆኖ ማየቱ ግን ለኔ ከሙዚየሙ ሁሉ በለጠብኝ። ፊደላችን በዚህች ከተማ ማተሚያ ላይ ያረፈው ግን ከዚያም ቀድሞ ነው፣ የመጀመሪያው የታተመ የግእዝ መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊትም በ1513 እ.ኤ.አ. የወጣው እዚሁ ሮም ነው።

መብላት

ፒዛ አል ታሊዮ፣ ማለትም እየተቆረጠ የሚሸጠው ፒዛ፣ በሚዛን ይሸጣል። በእጃችሁ እያሳያችሁ "እስከዚህ" በሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ፒዛ ማሪናራ አለ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ። ሽምብራ የገባበት ፓስታም ይገኛል፣ ሥጋ እንዳልገባበት ግን ጠይቁ። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። እንጀራ ካማራችሁ በተርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

የመጨረሻውን ማታ ለአበበ

ሲመሽ በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ውረዱ። የምትወጡት ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ላይ ነው። ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። በ2005 ለአገሩ በቃ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። ዛሬ ሐውልቱ እዚያ ስለሌለ ቦታውን ደስ እያላችሁ እዩት።

ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ወደ ኮንስታንቲን ቅስት ተራመዱ። ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠው ይህንን መንገድ ነው። ያኔ እዚያ ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ሞሮኳዊውን ተፎካካሪውን ጥሎ ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቅስቱ ሥር ገባ። እኛ ያንን መንገድ የሄድነው ሳናወራ ነው። ቅስቱ ጋ ስንደርስ ቦርሳችንን አውርደን፣ ሆስቴሉ እስኪዘጋ ትንሽ ሲቀረው ድረስ እዚያው ተቀመጥን።