የሆቴል ስልክ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

እንግዳው 907 ሲደውል የሌላ ክፍል ስልክ ይጮኻል

ከሁሉ ቀድሞ መታረም ያለበት ይህ ነው፤ የሰው ሕይወት አለበት። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ነው። ሦስቱም በ9 ይጀምራሉ። ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ሆቴል ክፍሎቹን 901፣ 902 እያለ ሲቀጥል 907 ላይ ይጋጫል። ወደ ውጭ መውጫው ቁጥር 9 ከሆነ ደግሞ ማዞሪያው (የሆቴሉን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ የሚያገናኘው መሣሪያ) ከ991 የመጀመሪያውን 9 ቆርጦ 91ን ብቻ ይልካል፤ ጥሪው የትም አይደርስም።

የውስጥ መስመሮቹን ባለ አራት አሃዝ ያድርጓቸው፤ ከክፍሉ ቁጥር ፊት 2 ሲጨመር 907 ቁጥር ክፍል 2907 ይሆናል። መውጫውን ወደ 8 ይቀይሩ። ሦስቱ የአደጋ ቁጥሮች ግን ያለ መውጫ ቁጥር በቀጥታ ይለፉ፣ ከየትኛው ክፍል እንደተደወለም ሪሴፕሽን ላይ ይታይ። ማዞሪያ ሲመርጡ ሻጩ ይህን እዚያው ሠርቶ ያሳይዎ፤ ካልቻለ አይግዙት።

ጠዋት 12 ሰዓት ቀስቅሱኝ ያለው እንግዳ እኩለ ቀን ላይ ይደወልለታል

ማዞሪያው የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ለእሱ 06:00 ነው። የመቀስቀሻ መዝገቡ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ይያዝ፣ ሠራተኛውም ለእንግዳው ደግሞ ያረጋግጥ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ ከሆነ የማዞሪያው የውስጥ ባትሪ አልቋል ማለት ነው።

ጥሪው ተነስቶ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ይቋረጣል

በኢንተርኔት መስመር የሚሠሩ ማዞሪያዎች ስልኩ ሲነሳ ከወዲያኛው ወገን ማረጋገጫ ይጠብቃሉ፤ በ32 ሰከንድ ካልደረሳቸው ጥሪውን ይዘጋሉ። ማረጋገጫው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ላይ ነው። ራውተሩ ውስጥ «ሲፕ ኤኤልጂ» (የጥሪ ምልክቶችን እየቀየረ የሚያሳልፍ ቅንብር) የሚለውን ያጥፉ፣ ማዞሪያው ላይ ትክክለኛውን የውጭ አይፒ አድራሻ ያስገቡ። አንዱ ወገን ሲሰማ ሌላው የማይሰማ ከሆነም መንስኤው እዚሁ አካባቢ ነው፤ ድምፁ ከጥሪው ምልክት ተለይቶ በሌላ ፖርት ስለሚሄድ የድምፅ ፖርቶቹ (ብዙ ጊዜ ከ10000 እስከ 20000 ዩዲፒ) ፋየርዎሉ ላይ ይከፈቱ።

መብራት ሲሄድ አንድ ፎቅ ሙሉ ዝም ይላል

ጄኔሬተሩ በሰከንዶች ውስጥ ቢነሳም የፎቁ ስዊች (የፎቁን ስልኮች ከኔትወርኩ የሚያገናኘው ሳጥን) እና ስልኮቹ እንደገና እስኪነሱ ደቂቃዎች ይወስዳሉ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ማዞሪያው ጋ ብቻ መኖሩ አይበቃም፤ የአይፒ ስልክ (በኔትወርክ ገመድ የሚሠራ ስልክ) ኃይሉን የሚያገኘው ከፎቁ ስዊች ስለሆነ በየፎቁ አንድ ያስፈልጋል። 20 ስልክ በአማካይ 5 ዋት ቢወስድ 100 ዋት ነው፤ የስዊቹን የራሱን ፍጆታ ይደምሩበት።

የቆየ የመዳብ መስመር ላለው ሆቴል የምንመክረው ሌላ ነው፦ ክፍሎቹ ውስጥ አናሎግ ስልክ ይቆይ፣ ጌትዌዮቹ (አናሎግ ስልኮቹን ከማዞሪያው የሚያገናኙት መሣሪያዎች) ሁሉ ማዞሪያው ባለበት ክፍል ይሰብሰቡ። አናሎግ ስልክ ኃይሉን በዚያው በሁለቱ ሽቦ ስለሚያገኝ አንድ ጠንካራ ዩፒኤስ ሕንፃውን በሙሉ ይይዛል። የመልእክት መብራት ያለው ስልክ ከሆነ ግን ጌትዌዩ መብራቱን የሚያበራውን 90 ቮልት ገደማ መስጠቱን ሳይገዙ ያረጋግጡ፤ ካልሰጠ መብራቱ ፈጽሞ አይበራም።

ደዋዩ ዘግቶ መስመሩ እንደተያዘ ይቀራል

ማዞሪያው የመዝጊያውን ምልክት አላወቀውም። የተያዘ መስመር ድምፅን እንዲለይ ያስተካክሉት፤ እስኪስተካከል ድረስ ለእያንዳንዱ ጥሪ የጊዜ ገደብ ያብጁ።